የፕሮፎርማው ቀን ሳያልፍ «ያ ዋጋ ቀርቷል» ተባልን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ አዳማ የምንኖር መምህራን ነን። በዕቁብ ያጠራቀምነውን ከባንክ ብድር ጋር አዳብለን ለቤተሰባችን የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት አዲስ አበባ ካለ አንድ አስመጪ ድርጅት ፕሮፎርማ ወሰድን። ዋጋው 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ነው። ፕሮፎርማው በስሜ የተጻፈ፣ ማህተም ያረፈበት ሲሆን «ለ30 ቀናት የጸና» ይላል። «መኪናዋ እንድትያዝላችሁ» ስላሉን 100 ሺህ ብር በድርጅቱ ሒሳብ አስገብተን ደረሰኝ ተቀብለናል። ባንኩ ብድሩን ፈቅዶ ለፊርማ በቀጠረን ማግስት፣ ቀኑ ሊያልቅ ገና 11 ቀን ሲቀረው፣ አሻሻጩ ደወለ። «ዶላር ጨምሯል፣ ያ ዋጋ ቀርቷል፣ መኪናዋንም ሌላ ሰው ወስዷታል። ወይ 350 ሺህ ብር ጨምራችሁ የሚቀጥለውን ጭነት ጠብቁ፣ ወይ መጥታችሁ ብራችሁን ውሰዱ» አለን። ባለቤቴ «ከነጋዴ ጋር ክርክር ምን ይፈይዳል፣ ብራችንን ተቀብለን እንተወው» ይላል። እኔ ግን አልዋጥልኝ አለ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቀን ትርጉም የለውም ማለት ነው?
ሰ. ከአዳማ

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ትርጉም አለው፤ ያውም ሕግ የሚያስከብረው ትርጉም። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቀኑ ሳያልፍ ስለነበር ዋናውን ምክር ወዲያው ልኬልዎታለሁ። ጉዳዩ ግን የእርስዎ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋ በየጊዜው ሲለዋወጥ፣ የተጻፈ ቃልን በስልክ ማጠፍ እንደ ተራ የንግድ አሠራር እየተቆጠረ ነው። ስለዚህ ሌሎች አንባቢዎችም እንዲጠቀሙበት እዚህ ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1690 ስለ እርስዎ ጉዳይ የተጻፈ ይመስላል። አንድ ሰው ለሌላው «እንዋዋል» ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ ከወሰነ፣ ያ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ባቀረበው ሐሳብ ይገደዳል። በመሀል «ተውኩት» ማለት አይችልም። ይህ በሁሉም አገር እንዲህ አይደለም። ለምሳሌ በእንግሊዝ ሕግ ሻጭ ቀን ቆርጦ ቢሰጥም፣ ለዚያ ቃሉ የተከፈለው ነገር ከሌለ፣ ገዢው እሺ ከማለቱ በፊት ሐሳቡን ማንሳት ይችላል። የእኛ ሕግ ግን ቀን የቆረጠ ሰው ቀኑን እንዲያከብር ያስገድዳል። ገዢ ባንክ ለባንክ ሲመላለስ፣ ወርቁን ሲሸጥ፣ ዕቁቡን ሲያስቀድም መሬቱ ከእግሩ ሥር እንዳይከዳው የሚጠብቅ ድንጋጌ ነው፤ ሊታወቅም ሊሠራበትም ይገባል።

ሻጮች እዚህ ላይ «ፕሮፎርማ መረጃ እንጂ ውል አይደለም» ይላሉ። ለብቻው ውል አለመሆኑ እውነት ነው። ጥያቄው ግን ውል ነው አይደለም ሳይሆን፣ የሚያስገድድ የመዋዋል ሐሳብ ነው ወይ የሚለው ነው። በእኔ እምነት የእርስዎ ወረቀት ነው። በስምዎ ተጽፏል፣ የመኪናው ዓይነትና ዋጋው ተለይቷል፣ ጊዜው ተቆርጧል፣ ማህተምም አርፎበታል። ከዚህ በኋላ የሚጎድለው የእርስዎ «ተቀብያለሁ» ብቻ ነው። በቴሌግራም ቻናል ላይ የተለጠፈ ዋጋ ወይም መሸጫው መስታወት ላይ የተንጠለጠለ ዝርዝር ግን እንዲህ አይደለም። ቁጥር 1687 ለሕዝብ የሚለጠፍ የዋጋ ዝርዝርንና ለእይታ የቀረበ ዕቃን እንደ መዋዋል ሐሳብ አይቆጥርም። ቴሌግራም ላይ ዋጋ አይታችሁ ስትሄዱ ሌላ ዋጋ የተነገራችሁ አንባቢዎች ልታነሱ የምትችሉት አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክለውን የሸማቾች ሕግ ነው እንጂ ቁጥር 1690ን አይደለም።

አንድ ነገር ግን አሁኑኑ ይመልከቱ። የፕሮፎርማው ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል «ዋጋው ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ሊለወጥ ይችላል» የሚል መስመር አለ? ካለ ሻጩ የሚይዘው እሱን ነው። ያኔም ቢሆን አይሸበሩ። ያው ወረቀት «ለ30 ቀናት የጸና» ካለ ሁለቱ ቃላት ይጋጫሉ፤ ወረቀቱን ያዘጋጀው ሻጩ ራሱ ስለሆነ አሻሚነቱ በእሱ ላይ መተርጎም አለበት ብለው መከራከር ይችላሉ። መስመሩ ከሌለ አቋምዎ ጠንካራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነውና። የአሻሻጩ ስልክ የሻጩን ግዴታ አያፈርሰውም፤ የቀኑ ማለፍ ግን ያፈርሰዋል። ሕጉ ሻጩን ያሰረው እርስዎ አስበው እሺ እንዲሉ ጊዜ ለመስጠት ነው። እሺታው ሳይመጣ 30ኛው ቀን ካለፈ ሻጩ ነጻ ይወጣል። ስለዚህ «ተሰርዟል» የተባለ ሰው ቀሪውን ቀን በልመናና በድርድር ማሳለፍ የለበትም። ቀኑ ሳያልፍ መቀበሉን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ያን ጊዜ ውል ተደረገ ይባላል። ቁጥር 1692 በአንድ ቦታ ባልተገናኙ ሰዎች መካከል ውሉ እንደተደረገ የሚቆጥረው የመቀበሉ መልስ በተላከበት ጊዜ ነው። ደብዳቤው ረጅም መሆን አያስፈልገውም። እንዲህ ቢል ይበቃል፦

«በ… ቀን በቁጥር … በስሜ በሰጣችሁኝ ፕሮፎርማ ላይ የተመለከተውን መኪና በተመለከተው ዋጋና ሁኔታ ለመግዛት መቀበሌን የፕሮፎርማው ጊዜ ሳያልፍ አስታውቃለሁ። ባንኩ ብድሩን የፈቀደበትን ደብዳቤ አያይዣለሁ። ርክክብ የሚፈጸምበትን ቀን በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ።»

በሁለት ኮፒ ያዘጋጁት። አንዱን ለድርጅቱ ጽሕፈት ቤት ይስጡ፤ በሌላው ላይ የተቀበለው ሰው ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን እንዲያሰፍር፣ ቢቻል የገቢ ማህተም እንዲመታበት ይጠይቁ። «አንቀበልም» ካሉ ሁለት ሰው ይዘው ይሂዱና በፊታቸው አቅርበው ይመለሱ፤ በዚያው ቀን በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩት፣ ደረሰኙንም ያስቀምጡ። ፕሮፎርማው ላይ ባለው ኢሜይልና አሻሻጩ ሲጽፍልዎት በነበረበት ቴሌግራም ፎቶውን አንስተው መላክም አይርሱ። ከአሻሻጩ ጋር የተለዋወጡትን ሁሉ ሳያጠፉ ይያዙ። ስልክ ተደውሎ ከሆነም «ዛሬ በስልክ ዋጋው ቀርቷል ብላችሁኛል፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ» ብለው ይጻፉለት። መልስ ከሰጠ ማስረጃ ነው፤ ዝም ካለም የእርስዎ መልእክት ቀኑን ይመሰክራል።

ደብዳቤው ውስጥ የሚገባ አንድ ቃል ሁሉን ሊያበላሽ ስለሚችል ይጠንቀቁ። «200 ሺህ ከቀነሳችሁልኝ እቀበላለሁ» ካሉ የሻጩን ሐሳብ ተቀበሉ አይባልም፤ በሕጉ ቁጥር 1694 መሠረት ከቀረበው ሐሳብ የተለየ መልስ አዲስ ሐሳብ ነው። «ባንኩ ከሰጠኝ» የሚል ቅድመ ሁኔታም መልሱን ያዳክመዋል። በንዴት «እንግዲያውስ ይቅርባችሁ!» ማለት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ገዢው አልቀበልም ካለ ሻጩ ቀኑ ባያልፍም ነጻ ነው። እስካሁን በስልክ እንዲህ ያለ ቃል ካልወጣችሁ እሰየው።

መቀበል ግን እርስዎንም ያስራል። ደብዳቤውን ካስገቡ በኋላ ብድሩ ቢስተጓጎል ውል ያላከበሩት እርስዎ ይሆናሉ፣ የከፈሉትም ገንዘብ አደጋ ላይ ይወድቃል። የእርስዎ ባንክ ብድሩን ስለፈቀደ የመጣብኝ ሥጋት አነስተኛ ነው። ያልተፈቀደለት አንባቢ ግን መጀመሪያ ባንኩን ይጠይቅ።

ስለከፈሉት 100 ሺህ ብር እንነጋገር፤ እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን ያስረዳል ይላል። ይህ ለእርስዎ ትልቅ ነገር ነው፤ የእሺታ ደብዳቤው ባይኖር እንኳ «ውል ነበረን» ለማለት ያስችልዎታል። ቁጥር 1885 ይቀጥልና፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ቀብዱን ለቅቆ፣ ቀብድ የተቀበለው ደግሞ እጥፉን መልሶ ውሉን ሊያፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። እንግዲህ «መጥታችሁ ብራችሁን ውሰዱ» የተባለው ስህተት ነው። ገንዘቡ ቀብድ ከሆነ ድርጅቱ የሚመልሰው 200 ሺህ ብር ነው። ገዢ ሲያፈገፍግ «ቀብድህ ተበልቷል» ለማለት የማያመነታ ሻጭ፣ እሱ ሲያፈገፍግ የተቀበለውን ያህል ብቻ መልሶ መሄዱ ፍትሕ አይደለም፤ ሕጉም አልፈቀደለትም።

ነገር ግን ቸኩለው «ቀብድ ነው» ከማለትዎ በፊት ደረሰኙን ያንብቡ። «ቀብድ» ነው የሚለው ወይስ «ቅድመ ክፍያ»? ልዩነቱ በእርስዎ ጉዳይ ብዙ ብር ያመጣል። ቀብድ ከሆነ ሻጩ ከኪሱ 100 ሺህ ጨምሮ በሕጋዊ መንገድ ከውሉ ይወጣል፤ መኪናዋን 350 ሺህ አስበልጦ ከሸጣት ደግሞ አሁንም 250 ሺህ ያተርፋል። ቅድመ ክፍያ ከሆነ ግን የዋጋው ከፊል ክፍያ ነውና እጥፍ ከፍሎ መውጣት የሚባል በር የለውም። ውሉን መፈጸም፣ ካልሆነም ያደረሰብዎትን ኪሳራ መክፈል አለበት፤ ኪሳራውም ያንኑ ዓይነት መኪና ዛሬ ለመግዛት የሚጨምሩት ገንዘብ ነው። ደረሰኙ «ማስያዣ» የሚል ከሆነ በሁለቱ መካከል ክርክር ይነሣል፤ ያኔ የሚታየው ሙሉው ወረቀትና የተባባላችሁት ነው። ክስ ላይ ከተደረሰ ጠበቃ ሁለቱን በአማራጭ አድርጎ ሊያቀርበው ይችላል። እርስዎ ግን ከወዲሁ በሚጽፉት ደብዳቤ ሁሉ ደረሰኙ ላይ ያለውን ቃል እንዳለ ይጠቀሙ፣ ከራስዎ ስም አያውጡለት።

«ዶላር ጨምሯል» ለሚለው ሕጉ አጭር መልስ አለው። ቁጥር 1764 የአንዱ ወገን ግዴታ ካሰበው በላይ ከባድ ቢሆንበትም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ነው እንዳይልም፣ ቁጥር 1794 ለሥራው የሚያስፈልግ ጥሬ ዕቃ ዋጋ መናሩን፣ የተዋዋዩን ግዴታ የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣቱንም ጭምር፣ በግልጽ ሌላ ስምምነት ካልተደረገ በቀር፣ ከአቅም በላይ አይላቸውም። የምንዛሪ ሥጋት የአስመጪ ሥራ አካል ነው። 30 ቀን ብሎ የጻፈው ራሱ ነው፤ ፈርቶ ቢሆን 3 ቀን ብሎ መጻፍ ይችል ነበር። የምንዛሪው ለውጥ ብዙ አስመጪዎችን እንደጎዳ አውቃለሁ፣ አዝናለሁም። ያንን ጉዳት ግን በሁለት መምህራን ዕቁብ መሸፈን አይቻልም።

«ሌላ ሰው ወስዷታል» ለሚለው ደግሞ ፕሮፎርማውን ይዩት። የሻንሲ ቁጥር ተጽፎበታል ወይስ የመኪናው ዓይነት፣ ሞዴልና ዓመተ ምሕረት ብቻ? ዓይነቱ ብቻ ከሆነ አንዷ መኪና መሸጧ ምንም አይለውጥም፤ ተመሳሳይዋን በዚያው ዋጋ ማቅረብ ይችላል። በሻንሲ ቁጥር የተለየች ከሆነችና በእርግጥ ከተሸጠች ግን መኪናዋን እርሷኑ ለማግኘት ከመሞከር ይልቅ ካሣ መጠየቁ ይሻላል። ፍርድ ቤትም ቢሆን ሻጭ ዕቃውን በግድ እንዲያስረክብ በቀላሉ አያዝም። ቁጥር 2330 ተመሳሳዩን ዕቃ ያለ ብዙ ችግርና ወጪ ከሌላ ቦታ መግዛት ከተቻለ አስገድዶ ማስፈጸምን አይፈቅድም። ስለዚህ ከሌሎች ሁለትና ሦስት አስመጪዎች ለዚያው ሞዴል ፕሮፎርማ ይሰብስቡ። የዋጋውን ልዩነት የሚያስረዳልዎት እሱ ነው።

የእሺታ ደብዳቤው ከገባ በኋላ መልስ ካልመጣ ቀጣዩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ሕጉ ውል አልተፈጸመልኝም ብሎ ከመጠየቅ በፊት ለሌላው ወገን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይፈልጋል (ቁጥር 1772)። ተመጣጣኝ ቀን ይስጡት፤ በዚያ ቀን ካላስረከበ ካሣ እንደሚጠይቁ ይግለጹ። ድርጅቱ አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ከመለሰ ማስጠንቀቂያው አያስፈልግም፤ ያንን ወረቀት ግን እንደ ሊብሬ ይጠብቁት።

ከዚያ የት ይኬዳል? በመጀመሪያ ከአሻሻጩ አልፈው ሥራ አስኪያጁን ያግኙ። አሻሻጮች በኮሚሽን ስለሚሠሩ የሚሉት ሁሉ የድርጅቱ አቋም ላይሆን ይችላል። እዚያ ካልተፈታ ለንግድ ቢሮ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቤት ማለት ይችላሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813/2006 ለራሱና ለቤተሰቡ መገልገያ የሚገዛን ሰው ሸማች ይለዋል፤ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ጉዳት ሲደርስበትም ካሣ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። እናንተ ሸማቾች ናችሁ። አትርፎ ለመሸጥ የሚገዛ ሰው በዚህ ዐዋጅ አይጠቀምም፤ እስካሁን የዘረዘርኩት የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ለእሱም ይሠራል። በመጨረሻም ፍርድ ቤት አለ። የጠየቁት ገንዘብ መጠን በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሚታይ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚባል አገልግሎት ስላለ ነገሩ ሙሉ ክርክር ውስጥ ሳይገባ በስምምነት ሊያልቅ ይችላል። ለጠበቃ የሚበቃ ገንዘብ ከሌለ አቅራቢያችሁ ባለ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል እንዳለው ይጠይቁ። ከውል የሚመነጭ ክስ በመደበኛው የይርጋ ጊዜ 10 ዓመት ስላለው ለክሱ አይጣደፉ። የሚያጣድፈው የእሺታው ደብዳቤ ነው።

ከደላላ ለሚገዙ አንባቢዎች አንድ ነገር በመሀል ልበል። ሻጩ ግለሰብም ቢሆን የቀብዱም የተቆረጠው ቀንም ሕግ አንድ ነው፤ ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። ቀብዱ በደላላው እጅ ከቀረ ባለመኪናው «እኔ አልተቀበልኩም» ይላል። ስለዚህ ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ራሱ፣ ወይም ከእሱ ውክልና ያለው ሰው ውክልናውን አሳይቶ፣ ዋጋውና ቀኑ በተጻፈበት ወረቀት ላይ ይፈርም፤ ገንዘቡም በባንክ ይተላለፍ። ወደ ውልና ማስረጃ የምትሄዱበትን ቀን ወረቀቱ ላይ አስፍሩት።

ባለቤትዎ «ከነጋዴ ጋር ክርክር ምን ይፈይዳል» ማለቱ ይገባኛል። ክፍል ለክፍል ሲል ለሚውል ሰው በፍርድ ቤት ደጅ መመላለስ ቀላል አይደለም። ግን የጠየቅኳችሁ ክስ አይደለም፤ አንድ ገጽ ደብዳቤና ወደ አዲስ አበባ አንድ ጉዞ ነው። ብዙ ድርጅት ስልክ ሲደወልለት ይሳለቅና የደረሰበት ቀን የተፈረመበት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ለመነጋገር ይቀመጣል። ከተቀመጠ የሚቀጥለውን ጭነት በድሮው ዋጋ መጠበቅ መጥፎ ስምምነት አይደለም። የርክክቡ ቀን፣ ያ ቀን ቢያልፍ የሚከፈለው መቀጫና የ3 ሚሊዮን 200 ሺህ ብሩ ዋጋ እንደማይለወጥ በፊርማና በማህተም ከተጻፈ እኔ ብሆን እቀበለዋለሁ። የብድሩ ቀን እንዳያልፍም ባንኩን አስቀድመው ይንገሩት። የተጨመረውን ግማሽ እንክፈል የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን እምቢ ማለት መብትዎ ነው፤ ለመቀበል ከወሰኑም የመጀመሪያውን የእሺታ ደብዳቤ ካስገቡ በኋላ ይሁን።

ምናልባት ገንዘቡ ለሌላ መኪና አስፈልጓችሁ 100 ሺህ ብሩን ለመውሰድ ከሄዳችሁ፣ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ፈርሙ ካሏችሁ በእጅ ጽሑፍ እንዲህ ብላችሁ ጨምሩበት፦ «ቀሪው መብቴ እንደተጠበቀ ሆኖ በ… ቀን የከፈልኩትን 100,000 ብር ብቻ ተቀብያለሁ»። ይህን አላስጽፍም ካለ ገንዘቡን ሳትወስዱ ተመለሱ፤ ደረሰኙ እጃችሁ ላይ እስካለ ድረስ ብሩ የትም አይሄድም።